የእናናዬ መቀነት

ጋሼ ቢራራ የሴት መቀነት ይታጠቅ ነበር። ከካኪ ኮቱ በታች ወገቡ ላይ አምስት ጊዜ የተጠመጠመ፣ ጫፍና ጫፉ ቀይ ጥለት ያለው፣ በእጥበት ብዛት የሳሳ ረጅም የጥጥ መቀነት። ደባርቅ ውስጥ ይህን የማያውቅ በቅሎ ጫኝ አልነበረም። «ቢራራ፣ መቼ ነው የምትወልደው?» ይሉታል። እሱ ፈገግ ብሎ ኮቱን ይቆልፋል። እኔም ስቄበታለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዘመኑ 1964 ነው። እኔ አለነ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርሁ። ጎንደር እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ፣ በዚያችው እንግሊዝኛ ደረቴን ነፍቼ፣ አቶ ማዕረግ ዘንድ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርሁ። አቶ ማዕረግ ደባርቅ ላይ ስምንት አልጋ ያለው ማረፊያ ነበራቸው። የስሜንን ተራራ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች በቅሎ፣ ድንኳንና ሸኚ ያቀርባሉ። ሸኚ ማለት ከእንግዳው ጎን እየሄደ መንገድ የሚያሳይ፣ ከገደልም የሚጠብቅ ሰው ነው። ጋሼ ቢራራ የሸኚዎቹ አንጋፋ ነበር። ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ አንዲት ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው። እኔ ደግሞ ቶሎ የማይናገር ሰው ያናድደኛል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ እሱ ሳይጨርስ እኔ እጨርስለት ነበር።

አቶ ማዕረግ ወረቀት ይወዳሉ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሰባት አንቀጽ ያለው ደንብ አወጡ፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም። ባለፈው የካቲት አንድ በቅሎ ጫኝ አንዲት ፈረንጅ ወንዝ ላሻግር ብሎ ክንዷን ቢይዛት፣ ሴትዮዋ ደባርቅ ድረስ ስትጮህ መጣች። በዚያው ወር የስድስት ዓመት ልጅ፣ ወላጆቹ ድንኳን ውስጥ ሲያንቀላፉ፣ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ድንጋይ ሲወረውር ተገኘ። አቶ ማዕረግ ሁለቱንም ነገር ባንድ ወረቀት ሊዘጉት አሰቡ። ሦስተኛው አንቀጽ «ሕፃናትና አቅመ ደካሞች በገደል አፋፍ ለብቻቸው አይተዉ፤ ከወደቁ ተጠያቂው ሸኚው ነው» ይላል። አምስተኛው ደግሞ «ማንኛውም ሠራተኛ በማንኛውም ምክንያት በእንግዳ ላይ እጁን አያሳርፍ፤ ያሳረፈ ይሰናበታል» ይላል።

ሠራተኞቹን ግቢ ውስጥ ሰብስቤ ደንቡን ያነበብሁላቸው እኔ ነኝ። ሁሉም «እሺ» አለ። ጋሼ ቢራራ ብቻ እጁን አነሣ።

«እንግዴህ ሰውዬው ሊወድቅ ቢል፣ በምኔ ነው የምይዘው?»

«በአፍህ» አሉት አቶ ማዕረግ። «ተመለስ በለው።»

«በምን ቋንቋ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ማዕረግ ቀልድ መሰላቸውና ተቆጡ። እኔ ግን ፊቱን አየሁት፤ እየቀለደ አልነበረም። ሲበተኑ ወደ እኔ መጥቶ «እስቲ ሦስተኛውን ድገምልኝ» አለ። ደገምሁለት። «አምስተኛውንም።» እሱንም ደገምሁለት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

በጥቅምት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከሴት ልጁ ጋር መጣ። ሽማግሌው ሚስተር ፖል ይባላል፤ ረጅም፣ ነጭ ጢሙ የተከረከመ፣ ሰው ባየ ቁጥር ፈገግ የሚል። ልጁ ሩት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ፊቷ የደከመ ሴት ናት። አቶ ማዕረግ በወረቀታቸው ላይ «የጤና ሁኔታ» የሚል ቦታ ነበራቸውና ጠየቋት። «ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል፤ ሌላ ምንም የለበትም» አለች። ጻፍሁት።

በበቅሎ ተጉዘን፣ ሳንቃ በር አድረን፣ በማግስቱ ግጭ ደረስን። ሽማግሌው በመንገድ ላይ አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ ጠየቀኝ፤ «ባሕሩ ጋ መቼ ነው የምንደርሰው?» ባሕር የለም ብዬ አራት ጊዜ መለስሁ፤ አራተኛው ላይ ድምፄ ከረር ብሎ ነበር። ጋሼ ቢራራን ደግሞ አንዴ ፒተር፣ አንዴ ዮሐን፣ አንዴ ሌላ ስም ይጠራዋል። ጋሼ ቢራራ ለሁሉም «አቤት» ይል ነበር። ሩት ይህን ስታይ ፊቷን ታዞራለች። «ደክሞት ነው» አለችኝ።

ግጭ እንደ ደረስን፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ጋሼ ቢራራ ሽማግሌውን ትክ ብሎ አየውና «ይኸ ሰውዬ እንደ ገሠሠ ነው» አለ።

«ገሠሠ ማነው?»

ያን ቀን አላቋረጥሁትም። ለምን እንዳላቋረጥሁት እንጃ። ገሠሠ ታላቅ ወንድሙ ነው። ጃናሞራ ውስጥ የታወቀ ገበሬ ነበር፤ አንድ ክረምት ላይ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ በሬዎቹን የት እንዳሰማራ ረሳ፤ ከዚያ የገዛ ቤቱን በር። ጧት ይወጣል፣ አገር ሙሉ ፈልጎ ይመልሰዋል። እናታቸው እናናዬ ታዲያ ከወገቧ መቀነቷን ፈታች። አንዱን ጫፍ ገሠሠ ወገብ ላይ፣ ሌላውን ቢራራ ወገብ ላይ አሰረችና «ጠበል ውሰደው» አለች። በእግር ተጉዘው በደባት በኩል ካለ አንድ ጠበል ደረሱ። እዚያ የሚታሰረው ብዙ ነውና ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። አርባ ቀን ተጠመቀ።

«ወደ ቤት ስንመለስ ደባት ገበያ ቆሞ ደረስን» አለኝ ጋሼ ቢራራ። «ሰዉ ከበበን። ‹ሰው ነው በሬ የምትነዳው?› አሉኝ። አፈርሁ። የኔ ወንድም ያን የሚያህል ሰው ታስሮ ሲሣቅበት አፈርሁ። ፈታሁት። ጨው ልግዛ ብዬ ዞር አልሁ። ዞር ብዬ ሳይ የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የለም። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሞቷል እንዳልል አልቀበርሁት፣ አለ እንዳልል አላየሁት። ጃናሞራም አልተመለስሁ። መቀነቷን ይዤ ልጇን ሳልይዝ ደጇ ላይ ምን ብዬ እቆማለሁ? ባመት ባመት ‹ይምጣ በሉት› እያለች ትልክብኛለች። ‹ገሠሠን ይዞ ይምጣ› ትበል፣ ‹ብቻውን ይምጣ› ትበል፣ እንጃ፤ የሚመጡት ሰዎች አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅ።»

ቆሎዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

በማግስቱ እሜት ጎጎ የሚባለው አፋፍ ላይ ወጣን። በቅሎ ጫኞቹ ከወዲያኛው ሸንተረር ዋልያ ታየ ሲሏት ሩት መነጽሯን አንሥታ ተነሣች። እኔ ልተረጉምላት አብሬ መሄድ ነበረብኝ። አባቷን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ጋሼ ቢራራ ዞራ «አደራ፣ ብቻውን እንዳትተወው» አለች። ተረጎምሁለት። ጋሼ ቢራራ ደረቱን መታ።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ እሱ እንደ ነገረኝ ነው። ከገደሉ ሥር ጉም ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ ሸለቆው ሁሉ ሞላና ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ማዶው የማይታይ ሆነ። ሽማግሌው ቆመ። ጉሙን ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ካልሲውንም አወለቀ። ካልሲውን እያጣጠፈ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ ጫማዎቹን አጠጋግቶ አስቀመጠ።

ጋሼ ቢራራ ምን ይጠርጥር? ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሲቆም፣ እኛ አገር አንድ ነገር ብቻ ነው። ሊጸልይ ነው። ፈረንጅም ይጸልያል ማለት ነው ብሎ ደስ አለው። ቆቡን አወለቀ፣ አማተበ፣ ሽማግሌው እንዳያፍር ብሎ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «አቡነ ዘበሰማያትን አንዴ ደግሜ ጨረስሁ» አለኝ። ቀና ሲል ሽማግሌው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አንድ እግሩን ወደ ጉሙ ዘርግቷል። ባሕሩን አግኝቶት ነበር።

«ተመለስ!» አለው ጋሼ ቢራራ። በአማርኛ። አቶ ማዕረግ እንዳሉት በአፉ። ሽማግሌው ፈገግ አለለት። ጋሼ ቢራራ ሮጦ ከፊቱ፣ በሱና በገደሉ መሐል ገባ፤ ጀርባው ለጉሙ ሆነ። ሽማግሌው በቀኝ ሲል በቀኝ፣ በግራ ሲል በግራ። እጁን ወደ ኋላው አጣምሮ ነበር። ይታያችሁ፣ ሰው ሊሞትበት ነው፣ ራሱም ገደል አፍ ላይ ነው፣ እሱ አምስተኛውን አንቀጽ እያሰበ ነው! ይህን ሲነግረኝ ተናድጄ «ምናለ ብትይዘው!» አልሁት። «ከያዝሁት ያባርሩኛል። ካልያዝሁት ይወድቃል። ግራ ገባኝ» አለኝ። በዚያ መሐል ወገቡ ላይ ያለው ትዝ አለው። መቀነቱን ፈትቶ፣ እጁ የሰውዬውን ገላ ሳይነካ፣ በጫፉ ሸምቀቆ ሠርቶ በሽማግሌው ራስ ላይ አሳልፎ አወረደለት። ሽማግሌው ነገሩ ገብቶት እንደ ሆነ እንጃ፣ እጆቹን ወደ ላይ አነሣለት። ሸምቀቆው ወገቡ ላይ ሲጠብቅለት ሌላውን ጫፍ ጋሼ ቢራራ ታጠቀ።

እኔና ሩት ስንመለስ ሁለቱ ከአፋፉ ራቅ ብለው፣ አንዱ በባዶ እግሩ አንዱ በጫማው፣ በረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች መሐል ሲዘዋወሩ አገኘናቸው። ሽማግሌው ከፊት፣ ጋሼ ቢራራ ከኋላ። ሽማግሌው ይስቃል። ሩት ያን ስታይ ያወጣችው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«አባቴ እንስሳ ነው? እንስሳ ነው ወይ?»

ቋጠሮውን በጥፍሯ ታገለችው፤ እምቢ አላት። ጋሼ ቢራራ ወደ እኔ ዞረ። «በእጄ ልፍታው? ይፈቀድልኛል?»

«ፍታው!» ብዬ ጮህሁበት። ማፈሬን በሱ ላይ ተወጣሁት። ፈታው። ከፈታውም በኋላ ዐይኑን ከሽማግሌው ላይ አላነሣም፤ ያኔ ቁጣዋን ፈርቶ መስሎኝ ነበር።

ደባርቅ ስንገባ ሩት አቶ ማዕረግ ቢሮ ገብታ ከሰሰች። አቶ ማዕረግ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ መቀነቱን አስወልቀው ጠረጴዛው ላይ፣ ከደንቡ ወረቀት አጠገብ አስቀመጡት። ጋሼ ቢራራ ኮቱ ወገቡ ላይ ሰፍቶት ቆመ። ሥራው ከሄደ ሌላ የሚገባበት አልነበረውም፤ ማደሪያውም የማረፊያው ጓዳ ነው።

«አምስተኛውን አንቀጽ ታውቀዋለህ?»

«አውቃለሁ ጌታው። እጄን አላሳረፍሁም።»

«ማሰር ከእጅ አይብስም?»

«እሱን ወረቀቱ አይልም።»

አቶ ማዕረግ ወረቀቱን አነሡ፤ አነበቡ፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። በእርግጥም አይልም። «ሦስተኛውን ግን ጠብቀሃል» አሉ፤ ከዚያ «ጠብቀሃል ማለት…» ብለው ተዉት። እኔም የቱን እንደምተረጉም ጠፋኝ። በመጨረሻ «እስቲ ሰውዬው ራሱ ይናገር፤ ሊወድቅ ነበር ወይስ አልነበረም?» አሉ።

ሽማግሌውን አስገቡት። ሁላችንንም በፈገግታ አየን። ጋሼ ቢራራ ጋ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ «ፖል እባላለሁ፤ ተዋውቀናል እንዴ?» አለ። ጋሼ ቢራራ ሊጨብጠው እጁን አነሣና አቶ ማዕረግን አየ፤ መልሶ አወረደው። ያለን ምስክር ያ ነበር። ሩት ጥፍሯን እየነከሰች ወለሉን ታያለች።

ያኔ ጋሼ ቢራራ ቀስ ብሎ ተናገረ፤ «እኔ አንድ ጊዜ ሰው ፈትቼ አውቃለሁ።»

አቶ ማዕረግ አልገባቸውም። ሩት ወደ እኔ ዞራ «ምን አለ?» አለችኝ። እኔ ገብቶኛል። ከሷ፣ ከአቶ ማዕረግ፣ ከጋሼ ቢራራም በላይ ገብቶኛል። ግን ስለ ገሠሠ፣ ስለ ደባት ገበያ፣ ስለ አሥራ አንድ ዓመት ያን ሁሉ በዚያች ስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መዘርዘር ታከተኝ። ደግሞ ይቅርታ ቢጠይቅ የሚምሩት መሰለኝ። «ይቅርታ እያለ ነው» አልኋት።

«ማጥፋቱን ያውቃል ማለት ነዋ» አለች። አቶ ማዕረግም እንግዳ ማስቀየም ስለማይወዱ ደንቡ ላይ የሌለውን ጥፋት አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ ከተቱት። ተሰናበተ። ጋሼ ቢራራ «መቀነቱን ልውሰድ?» አለ። «ነገሩ ፋይል እስኪሆን ይቆይ» አሉት።

በማግስቱ ጧት ለእንግዶቹ መኪና ቀረበ። ደባርቅ እንደ ልማዱ ጉም ወርዶባት ነበር። ግቢው ነጭ ሆኖ አጥሩ አይታይም። ጋሼ ቢራራ ጋቢውን ጠቅልሎ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ የት እንደሚሄድ ያወቀ አይመስልም። ሩት ሻንጣ ስታስጭን ሽማግሌው መኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጉሙን ሲያይ ፊቱ በራ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፤ አጠጋግቶ አስቀመጠ። ከዚያ ተነሣ።

አልተራመደም። ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሣና ቆሞ ጠበቀ።

ሁላችንም ቆምን። «ምን እየሆነ ነው?» አለች ሩት፤ ድምፅዋ አልቋል። «ምን እየጠበቀ ነው?»

ነገርኋት። ስለ ባሕሩና ስለ ጉሙ፣ ጋሼ ቢራራ ጸሎት መስሎት ዐይኑን ስለ መስበሩ፣ ጀርባውን ለገደሉ ስለ መስጠቱ ነገርኋት። ገሠሠንም ነገርኋት። ትናንት የዋሸኋትንም። ቃል ሲያጥረኝ በእጄ አሳየኋት። መሐል ላይ ተቀመጠች፤ ሻንጣው ላይ።

«ቤታችን ባሕር ዳር ነበር» አለች። «በየቀኑ እዚያ ይሄድ ነበር። ሕመሙን የደበቅሁት ማንም ወደ ተራራው አይወስደንም ብዬ ነው።»

ተነሥታ ቢሮ ገባች። አቶ ማዕረግ «ፋይሉ…» ሲሉ ሰማሁ። መቀነቱን ይዛ ወጣች። ለአባቷ ልታስረው ሞከረች፤ ላላባት። ጋሼ ቢራራ ከበሩ መጣ። አባቷን ሳይነካ ቋጠሮውን አሳያት፤ እንደገና ፈትቶ አሳያት። ሌላውን ጫፍ የገዛ ወገቧ ላይ አሰረችና ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ሽማግሌው እጆቹን አወረደ። እንደ ታሰሩ ተከታትለው መኪናው ውስጥ ገቡ። ሩት በመስኮቱ ጋሼ ቢራራን አንድ ነገር ብላው ነበር፤ ሞተሩ ተነሥቶ አልሰማሁትም። እሱም ምን አለች ብሎ አልጠየቀኝም።

አቶ ማዕረግ ደረጃው ላይ ቆመው ወረቀታቸውን አጠፉት፣ ዘረጉት። «ነገ ሥራ ግባ» አሉት በመጨረሻ።

«አጥፍቻለሁ ወይስ አላጠፋሁም?» አለ ጋሼ ቢራራ።

«ነገ ግባ አልሁህ እኮ።»

እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፤ የሚነካ ነገር አጣ። «ነገስ አልችልም» አለ። «ጃናሞራ መሄዴ ነው። መቀነቷ የት እንደ ደረሰ ለእናቴ መንገር አለብኝ።»

ያኔውኑ ተነሣ። እስከ ከተማው ጫፍ አብሬው ሄድሁ። ጉሙ ገና አልገፈፈም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆም አለ። «አለነ፣ አንተ ቋንቋ ታውቃለህ» አለኝ። «ምን ብዬ ነው የምጀምርላት?»

ጋቢውን አስተካከልሁለትና ሄደ።